የእኛ ሰው ዝይ አይበላም

ሱዳን፣ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር፣ ከድልድዩ ሥር ሻይ ስሸጥ ሁለት ዝይ ደንበኞች ነበሩኝ። ከአባይ እየወጡ በበርጩማዎቹ መሀል ይንጎራደዳሉ። ወንዱ ፈሪ ነው፤ ሴቷ ግን ከማንም እጅ ዳቦ ትቀበላለች። የዱር ወፍ ሰውን እንዲህ ስታምን ደስ አይለኝም። እኔ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል ሰምቼ ያደግኩ ነኝ።

የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ወንዱ ብቻውን መጣ። የጠረጠርኩት አጠገቤ መረብ የሚጥሉትን ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው። የእኛ ሰው ዝይ አይበላም፤ ርኩስ ነው፣ ያውም በሕማማት። ሻያቸውን ፊቴን አዙሬ ሰጠኋቸው። እሳቸውም አንዴ ፉት ብለው አስቀመጡትና «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ በዓላችሁ ደረሰ አይደል?» አሉኝ። ለካ እሳቸውም የሚጠረጥሩት እኛን ነው። ሌባ እናት ልጇን አታምንም አልኩ በሆዴ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤቴ መጣ። ወደ ሊቢያ መሻገሪያ እስኪያገኝ በቀን ሥራ የሚኖር፣ እኔው ጋ ሻይ የሚጠጣ ሰው ነው። ላባው የተነጨ፣ ራሱና እግሩ የተቆረጠ ወፍ በላስቲክ ይዟል።

«እትዬ፣ ዶሮ ናት። እኛ ብልት ማውጣት አናውቅም፣ አንቺ ሥሪልን።»

«ከየት ገዛሃት?»

«ከሱቅ፣ ወላሂ።»

የተዋሕዶ ልጅ ወላሂ ሲል ጥርጣሬዬ ባሰ። ዐሥራ ሁለቱን ብልት ላወጣ ጀመርኩ። ፈረሰኛው ከልክ በላይ ሰፊ ነው፣ ሥጋው እንደ በሬ ቀይ። 

«ይቺ ዶሮ አይደለችም» አልኩት።

ዓይኑን ሰበረ። ከሐሙስ ጀምሮ በሚሠራበት ወርሻ እግሯን አስሮ አቆይቷታል። እኔ ሽማግሌውን ስገላምጥ እሷ በሕይወት ነበረች።

«ሁለት ወር ሊሞላን ጾመን በምን እንፈስክ?» አለኝ።

«እንዴት አድርገህ ያዝካት?»

«መች ያዝኳት? ዳቦ ብዘረጋላት ራሷ መጣች።»

ቢላዋዬን አስቀምጬ አለቀስኩ። ለዝይም ይለቀሳል እንዴ ብሎ አየኝ።

ሰኞ ጠዋት ወንዱ ዝይ መጣ፤ ያለ ልማዱ እግሬ ድረስ ቀረበ። ሰው መፍራቱን እንዳይረሳ ብዬ ጠጠር አንስቼ ወረወርኩበት። ሽማግሌው መረባቸውን እንደያዙ ቆመው ታዘቡኝ። እሱ ግን አልሸሸም። ጠጠሩ ወደወደቀበት ሄዶ፣ ዳቦ መስሎት፣ በመንቁሩ አነሳው።