ግድግዳ ውስጥ የነበረው አልጋ

ሥራዬ የሕንፃ ንድፍ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው ኮልፌ ያለውን የእናቱን ቤት እንድለካለት ጠራኝ። አሮጌው ቤት ሊፈርስ ነው፤ በቦታው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ይቆማል። ከታክሲ ወርጄ፣ በብረት በር ሠሪዎቹ መሀል አልፌ ግቢው ስደርስ ግን ቆሜ ቀና ብዬ አየሁ።

ቤቱ የሰፈሩን ቤቶች አይመስልም። ግድግዳው ጥርብ ድንጋይ ነው። ጣሪያው ቀጥ ብሎ ሽቅብ የወጣ፣ ድመት እንኳ የማይቆምበት ነው። በሁለቱም ጫፍ የድንጋይ ጭስ ማውጫ አለው። የሳሎኑ መስኮት ከግድግዳው ወደ ውጭ ወጣ ብሎ በሦስት አቅጣጫ ያያል። ተማሪ ሳለሁ በመጽሐፍ ብቻ የማውቀው የስኮትላንድ ቪላ ኮልፌ መሀል ቆሟል።

በሩን የከፈቱልኝ እናትየው ነበሩ፤ ወደ ሰማንያ ዓመት የተጠጉ ቀጭን ሴት።

“ጣሪያውን ነው የምታዪው?” አሉኝ። “የመጣ ሁሉ እሱን ነው የሚያየው።”

ቤቱን የሠራው ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ ነው። ሟች ባለቤታቸው አብሮት ይሠራ ነበርና ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስ ለባልና ሚስቱ ሸጠላቸው።

“ባለቤቴ ‘ጣሪያውን ለምን እንዲህ አቆምከው?’ ቢለው፣ ‘በረዶው እንዲንሸራተት’ አለው። ‘እዚህ ምን በረዶ አለና?’ ሲለው ጊዜ፣ ‘እጄ ሌላ ቤት አያውቅም’ አለው።”

የሜትሩን አንድ ጫፍ እሳቸው እየያዙልኝ ክፍል በክፍል ለካን። የኋለኛው መኝታ ቤት ላይ ስንደርስ ቁጥሩ አልገጥም አለኝ። ከውጭ የለካሁትና ከውስጥ የለካሁት ከአንድ ሜትር በላይ ይለያያል። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው።

“እማማ፣ እዚህ ግድግዳ ውስጥ ባዶ ቦታ አለ” አልኳቸው።

ሜትሩን ለቀቁት። ተስፈንጥሮ መጥቶ እጄን መታኝ።

“ልጄን ጥሪልኝ” አሉ።

ልጃቸው ከሥራ ቦታው መጣ። “ክፈተው” አሉት። ልስኑን በመዶሻ ሲያራግፈው ብሎኬት ወጣ፤ ከብሎኬቱ ኋላ ተንሸራታች የእንጨት በር፣ ከበሩ ኋላ ደግሞ አንድ ሰው የሚያስተኛ የጣውላ አልጋ። በስኮትላንድ አሮጌ ቤቶች፣ ከብርድ ለመሸሸግ እንዲህ ያለ አልጋ ግድግዳ ውስጥ ይሠሩ እንደነበር ነገርኳቸው። እናትየው የሚሰሙኝ አይመስሉም።

“ወንድሜ እዚህ ውስጥ አምስት ወር ተደብቋል” አሉ። “በቀይ ሽብር ጊዜ። ፊት ለፊቱ ቁም ሳጥን አቆምን። ፈታሾቹ ሁለት ጊዜ መጡ፤ ልብሴን በተኑ፣ ቁም ሳጥኑን ግን አላንቀሳቀሱትም።”

“አጎቴ?” አለ ልጅየው። “በየበዓሉ እየመጣ ሲያስቀን የነበረው?”

“እሱ። ክፉው ቀን አልፎ ሥራ ከያዘ በኋላ እንኳ እየመጣ እዚሁ ይተኛ ነበር። ሌላ ቦታ እንቅልፍ አልወስደው አለ። በመጨረሻ አባትህ ‘ይሄ ልጅ ከዚህ ጉድጓድ ካልወጣ ሰው አይሆንም’ ብሎ በገዛ እጁ ደፈነው። ወንድሜ አንድ ዓመት ሙሉ አኮረፈን። ከዚያ አገባ።”

ልጅየው አልጋው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ረጅም ነው፤ ጉልበቱን አጥፎ እንኳ አልበቃው አለ።

“ለምን አልነገርሽንም፣ እማዬ?”

“‘በሕይወት እያለሁ ልጆቹ እንዳይሰሙ’ ብሎ አደራ ሰጥቶኝ ነበር። አምና አረፈ።”

የዚያን ቀን ስለ ማፍረስ የተነሳ ነገር አልነበረም። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ልጅየው ደወለልኝ። “አሮጌው ቤት ሳይፈርስ አዲሱን ከኋላ በኩል ማድረግ ይቻላል?” አለኝ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ከሁለት ፎቅ በላይ አልተቻለም፤ ለሱም ቢሆን ማድ ቤቱና አንደኛው ጭስ ማውጫ መፍረስ ነበረባቸው። ንድፉን የሠራሁት እኔው ነኝ። ጭስ ማውጫው የተነሳበትን የግድግዳ ጫፍ ባየሁ ቁጥር ዛሬም ደስ አይለኝም።

ባለፈው ሄጄ ነበር። የእናትየው የልጅ ልጅ እዚያ አልጋ ላይ ተጋድማ ታጠናለች።

“እዚያ ውስጥ ሲያዩዋት አይከብድዎትም?” አልኳቸው እናትየውን።

“መጀመሪያ ሰሞን ከብዶኝ ነበር” አሉ። “አሁን ‘በሩን እንዳትዘጊው’ እላታለሁ፣ ሌላ ምንም አልላት።”