ከምንም ጋር ያልዞረ ጉድፍ

ጉድፉ መጀመሪያ የታያት አዲሱ ማይክሮስኮፕ ከገባ ብዙም ሳይቆይ ነው። ጠዋት ነጭ ጋውኗን ለብሳ፣ ከማሞቂያው ሳጥን አንድ ጠርሙስ አውጥታ፣ ጠፍጣፋ ሆዱን የማይክሮስኮፑ መድረክ ላይ አስተኝታ፣ ዓይኖቿን ከመመልከቻው ስታገናኝ፣ ከሚታያት ክብ ብርሃን መሀል አንድ ግራጫ ነገር ተቀምጧል። ጥቁር አይደለም፤ ቅርጽም የለውም። ትንፋሽ የነካው መስተዋት ይመስላል።

“ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ አቆሸሹት!” ብላ አጉረመረመች።

ቤተ ሙከራው የከብት ክትባት የሚሠራበት ነው። ክትባቱ የሚዘጋጀው ከጥጃ ኩላሊት ተወስደው በጠርሙስ ውስጥ በሚያድጉ ህዋሶች ላይ ነው። ህዋሶቹ የጠርሙሱን ወለል ይዘው እንደ ምንጣፍ ይነጠፋሉ፤ በላያቸው ሮዝ ፈሳሽ ይተኛል። ወለል ለወለል ስለሚኖሩ ከላይ የሚያይ ማይክሮስኮፕ አይደርስባቸውም። ስለዚህ የነሱ ማይክሮስኮፕ የተገለበጠ ነው፤ መብራቱ ከላይ ያበራል፣ ሌንሶቹ ከታች ሆነው ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ። ሠራተኛው በአጭሩ “ግልብጡ” ይለዋል።

የሷ ሥራ በየጠዋቱ ግልብጡ ላይ ተቀምጣ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ መፍረድ ነበር። “ይኑር” ያለችው ወደ ማሞቂያው ይመለሳል። “ይደፋ” ያለችው በረኪና ይገባበታል፤ ይግባኝ የለውም። ከማሠልጠኛ ወጥታ በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ገና ጉንጯ ሳይጎድል ነው፤ አሁን ጸጉሯ ከግንባሯ ጀምሮ ነጥቷል። በዚህ ሁሉ ዘመን ከወንበሩ የተነሳችው ልጅ ለመውለድና እናቷን ለመቅበር ብቻ ነው ይባላል። ልጁ አድጎ ርቆ ሄዷል።

የሚጠሯት “አሞራ” እያሉ ነው። ስሙን ያወጣላት ጡረታ የወጣ አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሲሆን፣ ምክንያቱ ከክፍሉ ማዶ ሆና በጠርሙስ አንገት ላይ የሻጋታ ነጥብ አይታ መጮኋ ነበር። መጀመሪያ አኩርፋ ነበር። ኋላ ግን ሰው እናቷ ባወጣችላት ስም ሲጠራት፣ ማንን ነው የሚለው ብላ ዞር ዞር ማለት ጀመረች።

ዓይኗን ከእናቷ እንደወረሰች ታምን ነበር። እናቷ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንኳ መብራት ሳታበራ ክር በመርፌ ታስገባ ነበር። ጎረቤት ለምስክርነት ተሰብስቦ ያየው ነገር ነው። እንዲህ ያለች ሴት ግን ከልጇ ከአሞራ ጋር አልተስማማችም። ልጅ የወደደችው ሾፌር ነበር፤ እናት ደግሞ ሾፌር አይሆንም አለች፤ ልጅ እምቢ ብላ አገባችው። አፍ አውጥቶ የተጣላ የለም። ግን ዓመታት አልፈው እናት ስታረጅ፣ ልጇ ልትጠይቃት በመጣች ቁጥር ፊቷን ወደ በሩ ወይም ወደ መስኮቱ አዙራ ታነጋግራት ጀመር። አንድም ቀን ቀጥ ብላ አላየቻትም። ልጅም ቂም ነው፣ ገብቶኛል አለች።

ወደ ጉድፉ እንመለስ።

ጉድፍ ፍለጋ ሕግ አለው፤ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምታስተምረውም ይህንኑ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይነካል። ጠርሙሱን ስትገፋው ጉድፉ አብሮ ከሄደ፣ ጉድፉ ጠርሙሱ ላይ ነው። መመልከቻውን ስታዞረው አብሮ ከዞረ፣ መመልከቻው ላይ ነው። ሌንሱን ስትለውጥ ከጠፋ፣ ሌንሱ ላይ ነበር። “ጉድፉ አብሮት የሄደው፣ እሱ ነው ባለቤቱ” ትላቸዋለች።

ጠርሙሱን ገፋችው፤ ግራጫው ነገር ከመሀል ንቅንቅ አላለም። መመልከቻውን አዞረችው፤ አልዞረም። ሌንሱን ለወጠች፤ እዚያው ነው። በሌንስ ወረቀትና በአልኮል የሚወለወለውን ሁሉ ወለወለች። እዚያው ነው።

“እትዬ፣ አንገትሽን ለምን ታሰቃዪዋለሽ? ስክሪኑ ላይ እዪው በቃ” አለቻት ቀጭኗ። ቀጭኗ አብራት የምትሠራ ወጣት ባለሙያ ናት። አዲሱ ግልብጥ ካሜራ ተገጥሞለት ስለመጣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ይታያል፤ ካሜራው ከመጣ ጀምሮ ቀጭኗ በየጠዋቱ ፎቶ ማንሳት ልማድ አድርጋዋለች።

“ቴሌቪዥን ማየት ሲያምረኝ ቤቴ እገባለሁ።”

“ቤትሽ ያለው እንደዚህ አያጠራም።”

“አንቺ ምላስሽ ነው የወፈረው፣ ሌላው ሁሉ ቀጥኖ!”

ከአስመጪው ድርጅት ጠጋኝ ተጠራ። የመሣሪያ ሣጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፎ የሚሄድ፣ ከረሜላ ከአፉ የማይለይ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ አየ።

“የታል?”

“መሀሉ ላይ።”

“እኔ የማየው የናንተን ጥጃ ነው። አምሮበት ተኝቷል።”

“ደህና አድርገህ እይ እንጂ!”

“እትዬ፣ ዓይኔን ቤት አስቀምጬ አልመጣሁም።” ከጎን ያለውን ዘንግ ሳበና ምስሉን ወደ ስክሪኑ ላከው። “ይኸው! እንደታጠበ ሳህን ነው።”

“የካሜራው መንገድ ሌላ፣ የዓይን መንገድ ሌላ!” አለችው። “ውስጥ ያለው ብርጭቆ ብርሃኑን ለሁለት ይከፍለዋል። ጉድፉ በዓይን በኩል ባለው መንገድ ላይ ከሆነ ካሜራው ከየት ያመጣዋል?”

ጠጋኙ ከረሜላውን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አሻገረ። ያለችው ልክ ነው። ችግሩም ይኸው ነበር፤ ሙያዋ ለጉድፉ መደበቂያ ቦታ ሰጠው። ማይክሮስኮፕ የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ወዲያው “ዓይኔን ምን ነካው?” ይል ነበር። እሷ ግን መሣሪያው ውስጥ ገና ያልነካችው ቦታ ነበራት።

ጠጋኙ ሽፋኑን ከፍቶ አየር ነፋበትና ገጠመው። “አሁንስ?”

“አለ።”

“ከዚህ በላይ ከፈታሁት ዋስትናው ይፈርሳል። ለአምራቹ እንጽፋለን፤ እስከዚያ ተቻቻሉ” ብሎ ሄደ።

ተቻቻሉ። ጠርሙሱን ትንሽ ወደ ጎን እየገፋች፣ ጉድፉ የሸፈነውን እየገለጠች ሥራዋን ቀጠለች። ማታ ቤቷ ስትገባ የመኝታ ቤቱ በር መቃን መሀሉ ላይ ጎበጥ ብሎ ታያት።

“ቤቱ ሊወድቅብን ነው መሰል” አለችው ለባሏ።

ባሏ መቃኑን በቡጢ መታ መታ አደረገው። “ይሄ? ይሄ እኛን ቀብሮ ነው የሚወድቀው” አለና ተኛ።

ከዚያ የዘሩ ቀን መጣ። ዘር የሚሉት ከሁሉ በፊት የተጀመረውን፣ ሌላው ሁሉ የወጣበትን የህዋስ ክምችት ነው። በበረዶ ታንክ ውስጥ ይቀመጣል፤ አልፎ አልፎ ጥቂቱ ይወጣና ነፍስ ዘርቶ ይባዛል። በዚያ ሰሞን ታንኩ ተበላሽቶ ስለነበር የቀረው ዘር በሙሉ ወጥቶ ጠርሙስ ውስጥ ገብቷል። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ለሥራ ጉዳይ ከመውጣታቸው በፊት “እነዚህን ላንቺ ትቼልሻለሁ” ብለዋት ነበር።

ጠዋት የመጀመሪያውን ጠርሙስ ግልብጡ ላይ አስተኛች። መሀል ላይ ህዋሶቹ ተጣመዋል፤ ነፋስ እንደመታው የስንዴ ማሳ ተጋድመው እርስ በርሳቸው ተጫጭነዋል። ጠርሙሱን ገፋችው፤ ከጉድፉ ሥር የመጣው አዲሱ ቦታም ተጣመመ። ሌላ ጠርሙስ አስተኛች። እሱም። የሚቀጥለውም። እንዲህ ያለ በሽታ አይታ አታውቅም፤ ካልደረሱበት ክፍሉን ሁሉ እንደሚያዳርስ ግን አልተጠራጠረችም።

“ይደፋ” አለች።

“የቱ?”

“ሁሉም።”

ቀጭኗ ጓንቷን እንዳጠለቀች ቆመች። “ዘሩ ነው እኮ እትዬ። ደግሞ አሁን ፎቶ ሳነሳቸው ምንም—”

“ፎቶሽን ተዪልኝ! እኔ እነዚህን ማየት ስጀምር አንቺ ጥርስ አላወጣሽም።”

በረኪናው ገባ። ሮዙ ፈሳሽ መጀመሪያ ደመቀ፤ ከዚያ ቀለሙ ለቀቀውና ተራ ውሃ መሰለ። ቀጭኗ ጠርሙሶቹን ስትደረድር ጀርባዋን ሰጥታ ነበር።

ኃላፊው እንደተመለሱ ሁለቱን አስጠሩና ፎቶዎቹን ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን ከፈቱ። ቁጡ ሰው አይደሉም። ድምፃቸው ሲቀንስ ነው የሚያስፈራው።

“እነዚህ ናቸው የተደፉት?”

“አዎ” አለች ቀጭኗ፣ ወለሉን እያየች።

“ምን ሆነው ነው?”

“መሀሉን አያዩትም እንዴ ዶክተር?” አለች አሞራ። “ተጣሟል እኮ።”

ኃላፊው ተነስተው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። “እዚህ?”

የጣታቸው ጫፍ ጭጋግ ውስጥ ገባ።

ነገሩን ለማጣራት ብላ ወደ ስክሪኑ ግራ ጥግ ተመለከተች። ጥጉ ተጣመመ፤ መሀሉ ቀጥ አለ። ወደ ቀኝ ጥግ አየች፤ ግራጫው ተከትሏት መጣ። ቀስ ብላ ዓይኗን ከስክሪኑ አንስታ ከበሩ በላይ ወደተሰቀለው ሰዓት ወሰደችው፤ ከሰዓቱ መሀል የቆጣሪዎቹ መጋጠሚያ የለም። ሰዓቱ ደግሞ ከግልብጡ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ጠርሙሱን ገፍታለች፣ መመልከቻውን አዙራለች፣ ሌንሱን ለውጣለች። ዞራ የማታውቀው እሷ ነበረች።

“መቼም የማሽኑ ችግር ሊሆን ይችላል” አሉ ኃላፊው ቀስ ብለው። መንገድ እየከፈቱላት ነበር። “ጠጋኙ መጥቶ ነበር አይደል? በሱ በኩል እንጽፈውና ይታለፋል።”

“ማሽኑ ደህና ነው” አለች። “ጉድፉ እኔ ጋ ነው።”

“ኧረ እትዬ፣ እንዲህማ አትበዪ! ማንም ሰው ይሳሳታል” አለች ቀጭኗ፤ እንባዋ መጥቶ ነበር።

“ዓይኔን ነው የምልሽ።”

የዓይን ሐኪሙ ክፍል ጨለማ ነበር። አገጯን ድጋፉ ላይ አስቀምጣ፣ ሰው በሌንስ ሲያያት ዝም ብላ ተቀመጠች። የሁለቱም ዓይን መሀል እየሞተ ነው፤ ቀኙ ቀድሟል። የጠፋውን የሚመልስ የለም፤ የቀረውን ለማቆየት ይሞከራል። እስካሁን ያላወቀችው አእምሮ ክፍተቱን እንደ ተቀደደ ልብስ ባገኘው ቀለም ስለሚጥፈው ነው ተባለች፤ ነጭ ብርሃን ላይ ብቻ መጣፊያው ይጋለጣል።

“በቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሰው ነበር?”

“የለም። እናቴ እስከ መጨረሻዋ ታይ ነበር።”

“ስታይ ፊቷን ወደ ጎን ታዞር ነበር?” አለ ሐኪሙ እየጻፈ። “መሀሉ ሲጠፋ ጠርዙ ይቀራል። የሚያዩትን ሰው ፊት ለማግኘት ከሱ ዘወር ማለት ነው። አንቺም ትለምጂዋለሽ።”

የእናቷ ወንበር ነበር የታያት፤ ከመስኮቱ ሥር፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ። መጨረሻ በሄደችበት ቀን እናቷ “መጣሽ? ከስተሻል” ብላ ነበር፣ ፊቷን ወደ በሩ እንዳዞረች። “ወደ በሩ ምን ታያለሽ? ልሂድልሽ?” አለች እሷ። ሄደችም። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገውን በባሏ ነበር የምትልከው። መክሳቷን እናቷ እንዴት እንዳየች ጠይቃ አታውቅም።

ዘሩን ኃላፊው ከሌሎች ቤተ ሙከራዎች ለመኑ፤ መልስ እየተጠበቀ ነው። እሷን ወደ ፈሳሽ ማዘጋጃው ክፍል አዛወሯት፤ እዚያ ያለው ሚዛን ቁጥሩ ትልልቅ ነው። ወንበሩን ቀጭኗ ወሰደች። ክፉ ነገር የተናገራት የለም። እንዲያውም ሁሉም ትሑት ሆኑ፤ አሞራ የሚላት ጠፋ። በስሟ ይጠሯታል፤ እሷም ማንን ነው የሚሉት ብላ ዞር ትላለች።

ለባሏ “መነጽር ያስፈልግሻል ተባልኩ” ብቻ ነው ያለችው። አንድ ምሽት ራት ላይ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ስለ ተሳፋሪዎቹ ሲያወራ ቆየና ድንገት አቋረጠ።

“ግድግዳው ምን ይላል?”

“ምን?”

“ከገባሁ ጀምሮ እሱን ነው የምታዪው። ምን አጠፋሁ? ተቀየምሽኝ እንዴ?” ማንኪያውን አስቀመጠ። “እናትሽ ነበሩ እንዲህ የሚያደርጉኝ። ዕቃ ይዤላቸው ስሄድ ከኔ ይልቅ ቁም ሣጥኑን ያዩ ነበር። አሁን ደግሞ አንቺ?”

ፊቷን መልሳ ቀጥ ብላ አየችው። አፍንጫና አፍ በነበረበት ግራጫ ነገር ተቀምጧል፤ ከዙሪያው ጆሮዎችና የሸሚዝ ኮሌታ ቀርተዋል። እንደገና ቀስ ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዓይኗ ጠርዝ ላይ ባሏ ወጣ፤ ደብዘዝ ብሎ፣ ጢሙ ሸብቶ፣ የተከፋ ሰው ፊት ይዞ።

“እንዳትነሳ” አለችው። “እያየሁህ ነው።”