ፊውዝ ተቃጥላ፣ እኔ ገደቢስ ተባልኩ

ሰሞኑን የልጄ መኪና ክላክስ ዝም አለ። ልጄ ከመሪው ሥር ያለችውን ክዳን ከፈተና ጥፍር የምታህል ፕላስቲክ ነቅሎ በቦታዋ ሌላ ሰካ፤ «ጲጲ!» አደረገው። የተቃጠለችውን በመስኮት ሊወረውራት ሲል እጁን ለቀም አደረግኩት። ያ የሽቦ ጭስ የመሰለ ሽታ አፍንጫዬ ገብቶ ነበር። «ምነው እማዬ፣ ፊውዝ እኮ ናት» አለኝ። ፊውዝ እኮ ናት! እስቲ ሥራዋን ልንገርሽና አንቺ ፍረጂ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ጎረምሳ ለብሔራዊ ውትድርና በሚታፈስበት ወቅት። በእኛ በቦረና ገጠር የመንግሥት መኪና ድምፁን አጥፍቶ ከመጣ አፈሳ ነው ተብሎ ወንድ የተባለ ሁሉ ገደል ገብቶ ይደበቃል። እኔን ሊድሩኝ የቆረጡት እንግዲህ በዚህ መሀል ነበር። ባሌ መካነ ሰላም ከተማ መሥሪያ ቤት ይሠራ ስለነበር አለቃው ለሠርጉ ጂፕ ፈቀደለት። ያው የመንግሥት ጂፕ ነው። ስለዚህ ባሌ ለወላጆቹ ላከባቸው፦ «ክላክስ እየነፋን እንመጣለን። ክላክስ ከሰማችሁ ሠርገኛ ነው፤ ዝም ብሎ የሚመጣ መኪና ካያችሁ ግን ሩጡ።»

መላው ጥሩ ነበር፣ ሚዜው ባያበላሸው።

ሚዜ ተብዬው ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ እጁን ክላክሱ ላይ እንደጫነ ከእናቴ ደጅ ጀምሮ አላነሳም። ለሰው ይነፋል፣ ለአህያ ይነፋል፣ ለዛፍ ይነፋል! ሹፌሩ ረጋ ያለ የወረኢሉ ሰው ነበር። «ኧረ ወንድሜ ቀስ በል፣ ይቃጠላል» ቢለው፣ «ሠርግ እኮ ነው፣ ምን ታካብዳለህ!» ይለዋል። ቁልቁለቱን ጀምረን ያማቶቼ መንደር ከታች ሲታይ፣ የዳሱ ቅጠል ሳይቀር ሲለይ፣ ክላክሱ «ጵ» ብሎ ቀረ። የጭስ ሽታ መጣ። ሚዜው ደጋግሞ ቢጫነው ወፍ የለም። እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ደግሞ ቆሞ ማየት አይቻልም፤ እንዲሁ ዝም ብለን ወረድን።

የሆነውን በዓይነ ርግቤ ቀዳዳ አየሁት። ወንዱ ከዳሱ እንደ ተነካ ንብ ተተራመሰ። ጠላ የያዘው ጠላውን ደፋ፣ አጥር ያገኘው አጥር ዘለለ። ቄሱ አማቴ እንኳ፣ ሽማግሌው ሰውዬ፣ ጥምጣማቸውን በእጃቸው ይዘው ባሕር ዛፍ ውስጥ ገቡ። ደጃፉ ስንደርስ የጠበቀን የፈሰሰ ጠላና የተገለበጠ አግዳሚ ነበር፤ በመሀሉ ደግሞ የባሌ እናት ቆመዋል። እኔን ሲያዩ ደረታቸውን መቱ።

«ምን ዓይነት ገደቢስ ነው ያመጣችሁብኝ! እግሯ ደጄን ሳይረግጥ ቤቴን ኦና አደረገችው!»

እኔ! እኔ ክላክስ ነካሁ? ወላሂ ደሜ ፈላ! ግን ሙሽራ አይናገርም፤ ቀና አይልም፣ አይመልስም። ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ያ አፈኛ ሚዜስ? ጭጭ! ባሌስ? እናቱን ፈርቶ ጫማውን ያያል።

ሹፌሩ ብቻ ከመሪው ሥር ያለችውን ሳጥን ከፈተ። ትንሽ የብርጭቆ ዘንግ በጥፍሩ ነቅሎ ወደ ፀሐይ አነሳት። በውስጧ ያለችው ቀጭን ሽቦ ተበጥሳ ብርጭቆው ጠቁሯል። «ሌላው ሽቦ እንዳይነድ እሷ ቀድማ ነደደች» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ትርፍ አልያዘም። ቀን ነው ብሎ የፊት መብራቱን ፊውዝ ነቀለና በቦታዋ ሰካት። ወደኔ ጎንበስ ብሎ «አብሽሪ እህቴ» አለኝና ክላክሱን ለቀቀው። ወንዶቹ እያፈሩ፣ እየተሳሳቁ ከባሕር ዛፉ ወጡ። እልልታው ቀለጠ፤ ሠርጉም ሠርግ ሆነ። ገደቢስ የሚለው ስም ግን እኔው ላይ ቀረ።

ላም ብትነጥፍ ገደቢስ። በረዶ ገብስ ቢመታ ገደቢስ። ልጅ ብወልድ «ደግነቱ አባቱን ወጣ» አሉ! ባሌን «ንገራቸው እንጂ፣ አፍ የለህም?» ስለው፣ «ተይ፣ ውሎ አድሮ ይረሱታል» ይለኛል። ውሎ አደረ እንጂ መች ተረሳ!

በመጨረሻ የባሌ እናት እኔው እጅ ላይ ወደቁ። ዓይናቸው ፈዞ የማጎርሳቸው እኔ፣ የማጥባቸው እኔ ሆንኩ። አንድ ቀን ደጅ ፀሐይ እያሞቅኳቸው የሠርግ መኪና ክላክስ እየነፋ በመንገዱ አለፈ። ጆሯቸውን ቀሰሩ።

«ያን ዕለት የናንተ መኪና ምን ሆኖ ነው ዝም ያለው?»

ስንት ዘመን የጠበቅኩት ጥያቄ! ሚዜውን፣ ፊውዟን፣ የፊት መብራቱን አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩላቸው። ስጮኽ ነበር መሰለኝ ጎረቤት ወጥቶ አየን። እሳቸው እስክጨርስ ሰሙኝና እጄን በዳበሳ ፈልገው ያዙት።

«ታዲያ ያኔውኑ አትናገሪም ነበር፣ ልጄ?»

«ሙሽራ ነበርኩኛ፣ እማማ!»

«እሱስ… ሙሽራ ነበርሽ» አሉ። እጄን ሳይለቁም፣ «በይ ነይ ገዴ፣ አስገቢኝ፤ ፀሐዩም በረደ» አሉኝ።

ገዴ! ደግፌ አስገባኋቸው፤ ልቅሶዬን እንዳይሰሙ አፌን በነጠላዬ ይዤ። በሳምንቱ ቀበርናቸው። ዕድሜዬን ሙሉ ገደቢስ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ገዴ! ይሄስ ፍርድ ነው?