ሁለት እኩል ዲስኮች

ዛሬ ከቀትር በኋላ የቅኔ መምህሬን ድምፅ በገዛ እጄ አጠፋሁት።

ዊንዶውስና ሊኑክስ የሚባሉት ሁለት ሥርዓተ ክወናዎች ጎን ለጎን እንዲሠሩልኝ ኮምፒውተሬ ላይ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ገጠምሁ። የሁለቱ ዲስኮች መጠን እኩል ነው። ሊኑክስ የቱ ላይ ልጫን ብሎ ሲጠይቀኝ፣ አዲሱ መስሎኝ አሮጌውን መረጥሁ፤ የነበረበትን ሁሉ ደምስሶ ተጫነበት።

ሦስት ዓመት ከመምህሬ አፍ የቀዳሁት ቅኔ ያለው አሮጌው ላይ ብቻ ነበር። (አዲሱ ላይ ቅጂ ላስቀምጥም አስቤ ነበር።)

መምህሬ ወደሚኖሩበት ወደ ይጁቤ ደወልሁ። «የኔታ፣ ቅኔዎ ሁሉ ጠፋብኝ። እንደገና ይበሉልኝ።»

ሳቁ። «አንተ ሞኝ፣ የተባለ ቅኔ ይደገማል እንዴ? ና፣ አዲስ እቀኝልሃለሁ።»

ወዲያው ሳል ያዛቸው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝሁ ብጠብቅም አልተዋቸውም።

ከተደመሰሰ ዲስክ ድምፅ ያወጣችሁ፣ እባካችሁ እንዴት እንደሆነ ጻፉልኝ። ያልተሳካላችሁም ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልሁን።