ጠማማው ጆሮ

የስዕል ክፍሉ በኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ነበር። ቀድሞ የተሰባበሩ ወንበሮች ይታጎሩበት ስለነበር መስኮቱ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሚያየው ወደ ጓሮ ነው። አስተማሪው ግን ያችን አንዲት መስኮት ይወዳት ነበር። ብርሃን ከአንድ ወገን ብቻ ሲመጣ የሰው ፊት ግማሹ ይበራል፣ ግማሹ ይጨልማል፤ ጀማሪ ልጅ ጥላን ከዚህ በተሻለ የሚማርበት ቦታ የለም ይል ነበር።

ተማሪዎቹ ጋሼ ከሰል ይሉታል። ስሙን ማን እንዳወጣለት የሚያስታውስ የለም፤ ምክንያቱ ግን ከጣቶቹ ላይ ይነበባል። የቀኝ እጁ አውራ ጣት እስከ ጥፍሩ ሥር ጠቁሮ፣ ሳሙናም የክረምት እረፍትም የማያስለቅቀው ሆኖ ቀርቷል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ነጭ ጨርቅ ይዛ በተቀመጠች ቀን እጁን ኪሱ ሳይከት ወደ እሷ እንዲጠጋ አትፈቅድለትም።

የነገሩ ሁሉ መነሻ ይህ አውራ ጣት ነው።

ጋሼ ከሰል ሰነፍ አስተማሪ አልነበረም፤ ይህን አስቀድሞ መናገር ይገባል። ነገር ግን ደክሞት ነበር፤ ድካሙም ተኝተው የሚነሡበት ዓይነት አይደለም። ወንበር የማይበቃቸው ልጆች በአንድ ክፍል ታጭቀው፣ ግማሾቹም ስዕልን የመረጡት ሒሳብን ሸሽተው ሆኖ፣ እሱ ከጠዋት ጀምሮ በመካከላቸው እየተዟዟረ አንገቱን ደፍቶ ሲያይ ይውላል። ወረቀት ያልቃል። እርሳስ ይጠፋል። አንዱ ጠይቆ ሳይጨርስ ሌላው ከወዲያ ይጣራል። አንድን ልጅ ማየት ለማስተማር ወራት ይፈጃል፤ የተበላሸውን አፍንጫ አስተካክሎ መስጠት ግን ትንፋሽ እንኳ አይፈጅም።

ስለዚህ ያስተካክላል። «እስቲ ወዲህ በል» ይልና እርሳሱን ከልጁ እጅ ይወስዳል፤ ሁለት ሦስት መስመር ይጥላል፤ ከዚያ በአውራ ጣቱ ከአገጩ ሥር አንዴ ጠረግ ያደርጋል። ጥላው ቦታውን ይይዛል፤ ሞቶ የነበረው ፊት ከወረቀቱ ብድግ ይላል። ልጁ በሥራው ይገረማል። እናቱ አይታ ዓይኗ እንባ ያቀራል። ርዕሰ መምህሩ ክፈፍ ያስገባለትና ቢሮው ይሰቅለዋል። ለጋሼ ከሰልም በዚህ ሁሉ መካከል የተጎዳ ሰው ያለ አይመስለውም ነበር።

አንድ ዓመት፣ ትምህርት እንደተጀመረ፣ የኳስ ተጫዋቾች የክፍሉን መስታወት ሰበሩት። ከመስታወት ቤት ተልኮ የመጣውን ሠራተኛ ጋሼ ከሰል ገና በሩ ላይ በቁመቱ አወቀው። ከቅጥነቱ የተነሣ ሰንበሌጥ ይሉት የነበረ፣ ባለፈው ዓመት ከሁሉ አብልጦ ተስፋ የጣለበት ተማሪው ነው። የላካቸው ስዕሎች ተመርጠውለት ወደ ሥነ ጥበብ ኮሌጁ ለመግቢያ ፈተና ተጠርቶ ሄዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል።

ፈተናው እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀው። ሰንበሌጥ መጀመሪያ መስኮቱን ለካ። የተሰባበረውንም ለቅሞ በካርቶን አኖረ። ከዚያ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ነገረው። ፈታኞቹ አንድ ተራ የእንጨት ወንበር ወለሉ መሀል አስቀምጠው ይህን ሳሉ አሏቸው። ሌሎቹ ጎንበስ ብለው ሲሠሩ እሱም ጀመረ፤ ከዚያ ቆመ፤ ሰዓቱ እስኪያልቅም እንደቆመ ቀረ።

«የወንበሩ እግር ተንሻፎብኝ ነበር» አለ፣ ፊቱን ከመስኮቱ ሳይመልስ። «መንሻፈፉን አይቼዋለሁ። አይቼው እርሳሴን አስቀመጥኩ። ለምን እንዳስቀመጥኩ የገባኝ መንገድ ላይ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ እስኪመጡ እየጠበቅኩ ነበር።»

ቁጣ የለበትም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። አዲሱን መስታወት ገጠመ፤ ጠርዙን ስቱኮ ሞላው፤ በእጅጌው ወለወለውና ደህና ይዋሉ ብሎ ወጣ።

ጋሼ ከሰል ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ነገራት፤ ከእንግዲህ የልጅ ወረቀት ላይ እጄን አላሳርፍም አላት። እሷ እግሯን ከስፌት መኪናው ሳታነሣ አዳመጠችው።

«ያንተ እጅ?» አለች። «በቀደም የጎረቤቷ ሕፃን የሳለቻትን ፀሐይ አስተካክለህላት እያለቀሰች አይደል የሄደችው?»

«ፀሐይዋ ክብ አልነበረችም።»

«የሷ ፀሐይ ናት፣ አንተ ሰው። ምን አገባህ?» መኪናውን አስነሣችና ነገሩ በዚያ አለቀ።

በማግስቱ ሁለት እጆቹን የካፖርቱ ኪስ ከትቶ ክፍል ገባ። እጅ ኪስ ከቶ ማስተማር ለእሱ ዓይን ጨፍኖ የመሄድ ያህል ነበር። አሁን የተበላሸ አፍንጫ ሲያይ መናገር አለበት፤ ተናግሮም መጠበቅ አለበት፤ ጠብቆም ያው አፍንጫ ተመልሶ ተበላሽቶ ሲመጣ እንደገና መናገር አለበት። ማታ ቤቱ ሲደርስ ጉሮሮው ይደርቃል። ልጆቹ አኮረፉ። ግድግዳው ላይ የሚሰቀሉት ስዕሎች ወለም ያላቸው፣ አገጫቸው የተንሳፈፈ፣ ዓይናቸው ወዲያና ወዲህ የሄደ ፊቶች ሆኑ። ርዕሰ መምህሩ አንድ ቀን ገብቶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዙሪያውን አየና፣ ልጆቹ ዘንድሮ ሰነፉ ወይስ አንተ ደከመህ ብሎ ጠየቀው። ደክሞኛል ብሎ መለሰ። ሐሰት አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ የከበደችው ግን ላጲስ የሚሏት ልጅ ነበረች። ቅጽል ስሙ የወጣላት ከመሳል መፋቅ ስለሚበልጥባት ነው፤ ወረቀቱ እስኪሳሳ ትፍቃለች። እናቷ ፀጉር ሠሪ ናት። ኮሌጁን አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሪ፣ ካልሆነ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ቦታሽ ይጠብቅሻል ብላታለች፤ ይህን ጋሼ ከሰልም ያውቃል። ልጅቷ ዓይን አላት። እጇ ግን ገና ነው። ኮሌጁ ከሚፈልጋቸው ሥራዎች አንዱ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የተሳለ መልክ ነበርና የትምህርት ቤቱን ዘበኛ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣ ትስለዋለች።

ዘበኛው ለየዓመቱ ተማሪ እየተቀመጠ ሥራውን የለመደ፣ በመልኩም ትንሽ የሚኮራ ሰው ነው። የላጲስን ስዕል ተነሥቶ ባየው ቀን ፊቱ ተለወጠ።

«መምህር» አለ፣ «ድሮ ያንተ ልጆች የሳሉኝን ወደ ቤት ስወስድ ሚስቴ እንደ አዲስ ልታገባኝ ትደርስ ነበር። ዘንድሮ ፖሊስ የሚፈልገው ሰው ነው የምመስለው። ይሄ ጆሮዬ ነው ወይስ የቡና ስኒ ጆሮ?»

ልጆቹ ሳቁ። ላጲስም ሳቀች፤ ወዲያው ግን የእርሳስ መፋቂያዋን አነሣች። ጆሮው ከቅንድብ በላይ ወጥቷል፤ ያም ሳያንሰው ወደ ኋላ ዘንበል ብሏል። ጋሼ ከሰል እርሳሱን በተዘረጋ ክንድ ይዘሽ አንድ ዓይንሽን ጨፍኚና ለኪ አላት፤ የጆሮው አናት ከቅንድቡ፣ የጆሮው ጫፍ ከአፍንጫው ጋር እንዴት እንደሚገጥም ተመልከቺ አላት። ይህን ለብዙ ዓመታት ከሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ሲናገር ኖሯል። አንድ ሰው እስኪያየው ድረስ ቆሞ ሲጠብቅ ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር። ለካች፤ ሳለች፤ ጆሮው ትንሽ ወረደ። በሌላ ቀን ደግሞ ተመልሶ ወጣ። አገጩ ቀስ በቀስ ቦታውን ያዘ፣ የዘበኛው የከንፈር ኩራት ሳይቀር መጣ፤ ጆሮው ግን እንቢ እንዳለ ሰነበተ።

ሥራዎቹ ከሚላኩበት ቀን በፊት በነበረው ከሰዓት ሌሎቹ ሄደው ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ወረቀቱ ከእንግዲህ መፋቅን አይቋቋምም። ላጲስ እርሳሱን ዘረጋችለት።

«ጋሼ፣ ጆሮው ብቻ። ሌላውን አይንኩት።»

እጁ ከኪሱ ወጣ። መቼ እንደወጣ እሱም አላወቀም። እርሳሱን ተቀብሎ ጎንበስ አለ። የት እንደሚጥለው ያውቃል፤ አንድ መስመር ከላይ፣ አንድ ከታች፣ ከዚያ አውራ ጣት፤ ልጅቷም በደስታ ወደ እናቷ ትሮጣለች። አንገቱን አመመው። የዓመቱ ድካም ሁሉ በዚያች ጆሮ ላይ ተንጠልጥሎ አንተ ብቻ አውርደኝ የሚለው መሰለው።

ቀና አለና እርሳሱን መለሰላት።

«አልነካውም።»

«ለሰንበሌጥ ያደርጉለት አልነበረም?»

«አደርግለት ነበር።»

የቀረውን ሊነግራት ፈልጎ ነበር፤ ስለ ወንበሩ፣ ስለ መስታወቱ። ኩራት ይሁን ድካም አፉን ያዘው። እሷም ዝምታውን በገባት መንገድ ተረጎመችው። እኔ የማልረባ ስለሆንኩ ተስፋ ቆረጡብኝ አለችው፤ እንባዋን በእጅጌዋ ስትጠርግ እርሳሱ ጉንጯን አጠቆረው። ወረቀቷን ጠቅልላ ወጣች። በሩን ስትዘጋው አዲሱ መስታወት ሳይቀር ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ በኋላ በኮሪደሩ ሲተላለፉ አንገቷን ትደፋለች። ለፈተናው መጠራቷን የሰማው ከዘበኛው ነው። መጠራቷ አላሳረፈውም፤ ሰንበሌጥም ተጠርቶ ነበርና። እሷ በተፈተነችበት ቀን ለክፍሉ ምን እንዳስተማረ አያስታውስም። ወንበር አይቶ ወንበር ላይ ሳይቀመጥ ዋለ።

ከብዙ ቀን በኋላ ላጲስ መጣች። ወደ ውስጥ አልዘለቀችም፤ በሩን ተደግፋ ቆመች። ተቀብለውኛል አለች። ይህን ስትናገር ፈገግ አላለችም፤ ያን ከሰዓት ገና አልረሳችውም።

እየቆየች ነገረችው። ዘንድሮ ወንበር አልነበረም፤ ከፈታኞቹ አንዱ ሸበቶ ሰው ራሱ ተቀምጦላቸው መልኩን ሳሉ ተባሉ። ሳለች። ስትጨርስ ራቅ ብላ አየችው፤ ጆሮው ወጥቷል። እርሳሷን ዘርግታ ለካች፣ ፋቀች፣ አወረደችው፤ እንደገና ለካች። ሰዓቱ ሲያልቅ አሁንም ትንሽ ዘንበል እንዳለ ነበር። ሌላዋ ፈታኝ፣ አሮጊት ሴት፣ የዘበኛውን ስዕል አውጥታ ከአዲሱ አጠገብ አስቀመጠችና ሳቀች። እነዚህ ሁለት ጆሮዎች የአንድ እናት ልጆች ናቸው አለች። ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደመጣች ጠየቀቻት፤ ነገረቻት።

«ከዚያ ምን አለችሽ?» አለ ጋሼ ከሰል። የቆመችበት አኳኋን ሌላ ነገር እንዳለ ነግሮት ነበር።

«ከዚያ ትምህርት ቤት ስዕል በመጣ ቁጥር ከአገጭ ሥር አንድ አውራ ጣት እናገኝ ነበር አለች። የማን እንደሆነ ብቻ አናውቅም አለች። ዘንድሮ ወዴት ሄደ ብላ ጠየቀችኝ።»

ጋሼ ከሰል ተቀመጠ። ለካ ያውቁ ነበር። ልጆቹ በየዓመቱ አውራ ጣቱን በብብታቸው ይዘው ሲሄዱ፣ ፈታኞቹ ገና ከማኅደሩ ሲያወጡት ያውቁት ኖሯል። ሰንበሌጥ ወንበሩ ፊት ከመቆሙም በፊት በጥርጣሬ ዓይን ታይቷል ማለት ነው። ከእሱ በፊት የነበሩትም። ስንቶቹ እንደሆኑ ሊያስብ ጀመረና ተወው።

«ምን መለስሽላት?»

«ኪሱ ውስጥ ነው አልኳት» አለች ላጲስ፤ አሁን ብቻ ትንሽ ፈገግ አለች። ልትሄድ ስትል ዘወር ብላ ፈተናው በየዓመቱ እንዳለ፣ አንድ ጊዜ የወደቀም ተመልሶ መሞከር እንደሚችል ነገረችው። ስለ ሰንበሌጥ መውደቅ ማንም የነገራት አይመስልም። ወይም ተነግሯታል።

በነጋታው ከሥራ ሲወጣ ወደ መስታወት ቤቱ ሄደ። ሰንበሌጥ መስታወት ላይ ሊቆርጥበት መስመር እያሰመረ ነበር፤ ያለ ማስመሪያ፣ በዓይኑ ብቻ፣ ቀጥ አድርጎ። ጋሼ ከሰል መስመሩ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀው። ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉ ባዶ መሆኑን፣ አንድ የእንጨት ወንበር እንዳለ፣ ወረቀትም እንደማይጠፋ ነገረው። እኔ ውጭ ነው የምሆነው አለው። ይቅርታ የሚለውን ቃል መንገዱን ሁሉ ሲያዘጋጀው መጥቶ ነበር፤ ከዚህ የተሻለ ሆኖ አልወጣለትም። ሰንበሌጥ አያለሁ አለ፤ መስታወቱንም ጠርዙ ላይ መታ አድርጎ ለሁለት ከፈለው።

ቅዳሜ ግን መጣ። ገብቶ በሩን ከውስጥ ገፋ አደረገው። ጋሼ ከሰል ኮሪደሩ ውስጥ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሁለት እጆቹን ከጭኑ ሥር አደረጋቸው። ከውስጥ እርሳስ ወረቀት ላይ ሲሄድ ይሰማል። ሄደ፤ ቆመ። ዝምታው ረዘመ። የጋሼ ከሰል ጉልበት ሊነሣ ፈለገ።

ዘበኛው ቁልፎቹን እያንቀጫቀጨ ሲያልፍ አየውና ቆመ። «ምነው መምህር፣ ከገዛ ክፍልህ ተባረርክ?»

«አዎ» አለ። «ዝም በል።»

ዘበኛውም አጠገቡ ተቀመጠ። ሁለቱ የደከሙ ሰዎች በሩን እያዩ ቆዩ። ከውስጥ መፋቂያ ወረቀቱን ሲያሽ ተሰማ፤ ከዚያ ትንፋሽ፤ ከዚያም እርሳሱ መሄድ ጀመረ።