ከመታጠፊያው ወዲያ

ከድጄ ጅዳ ዘጠኝ ዓመት ኖራ ከተማዋን አታውቃትም። «አረብ አገር ነበርሽ አሉ፣ እንዴት ነው?» የሚሏትን፣ «በመስኮት በኩል ጥሩ ነው» ብላ ትመልሳቸዋለች።

በሃያ ሁለት ዓመቷ ከእንሴኖ አጠገብ ካለች መንደር ተነሥታ ሄደች። የተቀጠረችበት ቤት ባሕሩ ዳር ባለው አሮጌው ከተማ ውስጥ ነበር። ከተማውን የከበበው ግንብ ከፈረሰ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በሮቹ ብቻ ቆመዋል ይላሉ። እሷ ግን በሮቹንም አላየቻቸውም። እመቤቷ ስትወጣ ከውጭ ቆልፋባት ነበር የምትሄደው። የቀራት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ በተፈለፈለ እንጨት የተሸፈነ መስኮት ነው። በቀዳዳዎቹ ቁልቁል ስታይ ጠባቡ መንገድ እስከ መታጠፊያው ድረስ ይታያታል። ከዚያ ወዲያ ምንም።

ምንም ማለቴ ለዓይን ነው። በየቀኑ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ የአንዲት ሴት ድምፅ ይመጣ ነበር። በእኛው አገር ቋንቋ፣ በመስቃንኛ፣ ልጅ ትቆጣለች። «ዑመይር!» ትላለች፤ ከዚያ እኛ አገር እናት ለልጇ የምትለውን ሁሉ ታወርድበታለች። ከድጄ አንድ ቀን አፏን ከቀዳዳው ላይ አድርጋ በዚያው ቋንቋ ተጣራች። ድምፁ ቀጥ አለ። በማግስቱ ደግሞ እንደ ወትሮው ቁጣው ቀጠለ። ሴትዮዋ ማን እንደነበረች እስከ ዛሬ አታውቅም።

ተመልሳ ቡታጅራ ገበያው አጠገብ ፎቶ ቤት ያለውን አብዱልሃፊዝን አገባች። የመጀመሪያ ልጃቸውን ዑመይር አለችው። ስትቆጣው ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር፤ እኔ ጎረቤት ስለሆንኩ ሰምቻለሁ።

ከማስተማር ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሰዓት በኋላዬን የማሳልፈው በዚያ ፎቶ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ስለዚህ የከድጄ ዓይን ሲደክም ከቤተሰቡ እኩል አየሁ። ግላኮማ ነው አሏት። ግራው ጠፋ። ቀኙ በቧንቧ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ሆነ፤ ቧንቧው ደግሞ በየወሩ ይጠባል። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን የታዘዘላት የዓይን ጠብታ ምን ያህል እንደሚያቆየው አይታወቅም ብሎ ሐኪሙ ቁርጡን ነገራት።

በዚያው ሰሞን ዑመይር ለአባቱ ወደ መካ የዑምራ ጉዞ አመቻቸ። እሷ በአሠሪዎቿ ጊዜ፣ በሌሊት መጋረጃው በተዘጋ መኪና ወስደው መልሰዋት፣ አድርጋለች፤ «አንተ ሂድ» አለችው።

«አንድ ነገር ብቻ አምጣልኝ» አለችው እኔው ፊት።

«ወርቅ እንዳትይኝ።»

«ወርቅ ለምኔ፣ ላላየው። ያን መታጠፊያ አንሣልኝ። ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን። ይቺ ዓይን ሳትሄድ ልየው።»

«ጅዳ ያሉት ያገር ልጆች በስልክ ቪዲዮ ይላኩልሽ ብዬ ለዑመይር ልንገረው?»

«የነሱ ቪዲዮ ይሮጣል። አንተ ለጉርድ ፎቶ እንኳ የሰው አገጭ ስታቃና ትውላለህ። ቆመህ እይልኝ።»

ትንሹን መስጊድ፣ ከጀርባው ያለውን ቤት አስረዳችው። «ከበሩ ስትወጣ ወደ ተራራው በኩል ነው። የመጀመሪያው መታጠፊያ።» በፎቶ ፖስታ ጀርባ ላይ ጻፈው። ሦስታችንም ሌላ የጠየቅነው ነገር የለም። የዘቢዳር ተራራ ከበላያችን ቆሞ መንገድ ለመጠቆም ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? መድኃኒት ቤቱ ከመናኸሪያው ወደ ተራራው ነው፤ ለባጃጁም የምንለው ይህንኑ ነው።

ዑምራውን ጨርሰው ጅዳ ሲደርሱ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው እስኪሄዱ ሦስት ሰዓት ይቀራቸው ነበር። የጉዞ ጓደኞቹ ገበያ ገቡ። እሱ ካሜራውን አንገቱ ላይ፣ ፖስታውን እጁ ላይ አድርጎ ለብቻው አሮጌው ከተማ ገባ። ከባሕር ድንጋይ የተሠሩ ቤቶች እርስ በርሳቸው ሊደጋገፉ ያዘመሙ ይመስላሉ አለኝ። መስጊዱን አገኘ፤ ቤቱንም አገኘ። ባዶ ነው፤ እንዳይወድቅ በብረት ደግፈውታል። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ቆጠረ።

«አሰላሙ ዐለይኩም አልኩት፣ መምህር» አለኝ።

«ማንን?»

«መስኮቱን።»

ከዚያ ወደ ተራራው ዞረ። ከመካ ሲመጡ አውቶቡሱ በራቁት ጥቋቁር ተራሮች መሐል ነበር ያለፈው፤ ስለዚህ ያ በኩል ነው። በየመታጠፊያው እየቆመ፣ ብርሃኑን እየጠበቀ፣ በመጨረሻ በመካ በር በኩል እስኪወጣ ድረስ አርባ አንድ ፎቶ አነሣ።

በተመለሰ በሦስተኛው ቀን፣ እንኳን ደህና መጣህ የሚለው ሰው ሲቀንስ፣ ፎቶዎቹን ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈተላት። አፍንጫዋ መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ፊቷን ቀስ እያለች ከጥግ እስከ ጥግ ታንቀሳቅሳለች፤ ሙሉውን ባንድ ጊዜ ማየት አትችልም።

«ይሄ መታጠፊያውን እንዳለፍክ ነው?»

«እንዳለፍኩ።»

«ፀሐይ የት ነበረች?»

«ከጀርባዬ። አሥር ሰዓት ገደማ፣ ለፎቶ የምትመች።»

እጇ ከጠረጴዛው ላይ ወረደ። «ከጀርባህ?» አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ተራራው ፀሐይ የምትገባበት አይደለም እንዴ?»

«ተራራውማ መካ በኩል ነው። በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«እኔ መቼ ተራራ አየሁ? ፀሐይዋ የምትጠልቀው በመታጠፊያው በኩል ነበር። ዘጠኝ ዓመት ዘቢዳርን እዚያ አቁሜ ነው የኖርኩት።»

የእኛ ፀሐይ በዘቢዳር በኩል ትጠልቃለች፤ ጅዳ ላይ ግን እዚያ የነበረው ባሕሩ ነው። ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ ባሕር እያለላት፣ እሷ የአገሯን ተራራ ወስዳ በላዩ ላይ አቁማለች። ሰው አዲስ ቦታን የሚያውቀው በለቀቀው ቦታ ነው ብዬ ስንት ዓመት አስተማርኩ። ያን ዕለት ግን እውነት በመሆኑ አዘንኩ።

«በሚቀጥለው ዓመት እመለሳለሁ» አለ አብዱልሃፊዝ።

«ዓይኔ ዓመት አይጠብቅህም።»

«እንግዲያው ለልጆቹ ዛሬውኑ...»

«ተወው።»

ልነሣ ስል ሰማችኝ። «መምህር ሰይፉ፣ ቁጭ ይበሉ። ይሄ ሰው ሊያለቅስ ነው፤ እኔ እንደሆን አይታየኝም።»

ተቀመጥኩ። ከዚያ ወደ መስታወቱ ተመለሰች። «ቀጣዩን አምጣ።»

«ያንቺ መንገድ እኮ አይደለም።»

«የኔ የቱ ነበር? የቤቱን ጀርባስ መች አየሁት?»

ቀጣዩን ፎቶ ከፈተላት። ግማሹ የተከፈተ በር ነው፤ ውስጡ ጨለማ።

«ሰው ነበረ?»

እሱ መታጠፊያ ሲፈልግ በር ውስጥ አላየም። «ነበረ» አለ።

«ሴት?»

«ሴት።»

«ምን ትሠራለች?»

በአርባ ዓመት ሥራው ለደንበኛ አንዲት ጠጉር ጨምሮ የማያውቅ ሰው ነው። እኔን አየኝ፤ እኔ ወለሉን አየሁ።

«ልጅ ትቆጣለች» አላት።

ከድጄ ፊቷን ከመስታወቱ አነሣች። «በምን ቋንቋ?»

«እሱን... አልሰማሁም።»

«ውሸት አትችልም» አለችው። ወንበሯን ወደ እሱ ጠጋ አደረገች። «ቀጥል። ልጁ ምን አጥፍቶ ነው?»