ከጉልበቴ በታች

ዛሬ ቡታጅራ ገበያ እርጥብ የእንሰት ቃጫ ሲሸተኝ የአያቴ በትር ትዝ አለኝ። ከወንዝ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ስገባ አያቴ በትሩ ላይ፣ በጉልበቴ ልክ፣ ቃጫ አስረው ሰጡኝ። «ወንዙን እየለካሽ ሂጂ። ውኃው ቃጫውን ካለፈ እንዳትሻገሪ» አሉኝ።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ቀን ውኃው ቃጫውን ሁለት ጣት አለፈው። ጓደኛዬ ሰሚራ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች።

«ነይ እንጂ አንቺ ፈሪ! ጉልበቴን እንኳን አልነካኝም!»

እኔ ተመለስኩ።

አያቴ በር ላይ ሲያዩኝ ደነገጡ። የሆነውን ነገርኳቸው። በትሩን ወስደው ከእግሬ አጠገብ አቆሙት። ቃጫው ከጉልበቴ በታች ነበር።

«ውይ ልጄ፣ አድገሻል እኮ» አሉ።

ወዲያው ፈትተው ከፍ አድርገው አሰሩት። ፈተናው ግን አመለጠኝ፤ ትምህርቴም እዚያው ቀረ።

ቃጫ ሻጯ «ምን ልታስሪበት ነው?» ብትለኝ አንዱን ቃጫ አንስቼ በጉልበቴ ልክ ያዝኩት።